የእህቴ ኮሶና የልቤ ሽቦ

ብርቄ እባላለሁ። እንጅባራ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ የቀርከሃ ወንበር እሸጣለሁ። ወደ ባሕር ዳር ስታልፉ መኪና አቁማችሁ፣ ወንበሩን አገላብጣችሁ፣ ዋጋ አስቀንሳችሁ፣ በመጨረሻ «ስንመለስ እንወስዳለን» ብላችሁ የቀራችሁ ካላችሁ ምናልባት ያናደዳችሁት እኔን ነው። ይሁን፣ ይቅር ብያችኋለሁ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ወንበር አይደለም፤ እጄን ታስሬ፣ ልቤ ውስጥ ሽቦ ገብቶ፣ አፌን በመሐላ ዘግቼ ስለተኛሁበት አልጋ ነው።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ያለኝ አንድ ልጅ ደሳለኝ ነው፤ ዳንግላ ጤና መኮንን ሆኖ ይሠራል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ በሽተኛ ይወደዋል፤ ምላሱ ግን አይጣል ነው። አንዱ በሽተኛ «ትንሽ ቅጠል ቀምሼ ነበር» ካለው አለቀለት፣ ሌባ እንደያዘ ፖሊስ ያፋጥጠዋል። እናቱ ስለሆንኩ ሸፋፍኜ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም።

ታላቅ እህቴ እትዬ የሺ ደግሞ ጥርባ፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም ሳትርቅ ትኖራለች። እናታችን በልጅነቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። በአዊኛ ትቆጣለች፣ በአማርኛ ትመርቃለች፤ ስለዚህ ገና አፏን ስትከፍት ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። የአካባቢው ሰው ኮሶ ሲታየው ወደ እሷ ይሄዳል፤ አበባውን ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ መጠኑን ለክታ ትሰጣለች። አንድ ጊዜ ታዲያ አንድ ጎልማሳ እሷ የሰጠችውን ጠጥቶ፣ ሲያስቀምጠው ውሎ፣ ራሱን ስቶ ወደቀና ልጄ ዘንድ ተወሰደ። ሰውየው ዳነ። ደሳለኝ ግን በሕዝብ ስብሰባ ላይ፣ አገር በሞላበት፣ ስሟን ጠርቶ «መርዝ አከፋፋይ» አላት። የገዛ አክስቱን! ከዚያ ወዲህ እትዬ ቤታችንን አልረገጠችም፤ እሱም የእሷን ደጅ አላየም። ሽማግሌ ስንት ዓመት ተመላልሶ፣ እኔ በታመምኩበት ዓመት ፋሲካ ላይ ነበር ደሳለኝ ጉልበቷን ስሞ የታረቁት። እኔም ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ የሚባል ነገር ያየሁት።

ሕመሜ የጀመረኝ ቀርከሃ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ነው። ደረቴን ጭምቅ ያደርገኝና ቆም ስል ይለቀኛል። «እርጅና ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ደሳለኝ ሲሰማ ጮኸብኝ፣ ባሕር ዳር ወሰደኝ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ላኩን። አዲስ አበባ ያየኝ የልብ ሐኪም «የልብሽ ደም ሥር ሳይጠብ አይቀርም» አላለኝም፤ «የልብዎ» አለኝ፤ ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። «በእጅዎ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተን እናያለን» ብሎ ቀጠሮ ሰጠንና አገራችን ተመለስን።

ለጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረኝ እትዬን ልሰናበት ጥርባ ሄድኩ።

«ልብሽ ውስጥ ሽቦ ሊሰዱ?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ሆድሽ ውስጥ ያለውን ሳታወጪ?»

አልዋሻችሁም፣ ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፤ ኮሶም ታይቶኝ ነበር።

«ሰው ለሠርግ እንኳ ገላውን ታጥቦ ይሄዳል» አለች። «አንቺ እንዲህ ያለ ትልቅ ሐኪም ፊት በቆሻሻ ሆድ ልትቀርቢ ነው? ማሽኑ ትሉን አይቶ ልብ ነው ቢልስ? ነውር አታውቂም?»

አሁን ስናገረው ያስቃል። ያኔ ግን ልክ መሰለኝ። በማግሥቱ ማለዳ በባዶ ሆዴ ልጠጣው፣ የዚያን ቀን ሲያስወጣኝ ልውል፣ ከዚያ ተጣርቼ ልሄድ ተስማማን። በጠርሙስ ሞልታ ሰጠችኝና እጄን ሳትለቅ ያዘችኝ።

«ይህን ለልጅሽ ብትነግሪው እኔና እሱ እስከ መቃብር አንተያይም። በእናታችን አጥንት ማዪልኝ።»

«እትዬ፣ ለዚህማ...»

«ማዪልኝ!»

ማልኩላት።

ሰው ሕይወት ሲከፋው «እንደ ኮሶ መረረኝ» ይላል። ኮሶው ራሱ ሲመርማ ምን ይባላል? አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት። ያን ቀን ከጓሮ አልተመለስኩም፤ አንጀቴ ተገልብጦ ወጣ ማለት ይቀላል። ከኮሶ በኋላ የሚቀመሰውን ማሻሪያ እንኳ አፌ ላይ አድርጌ ተውኩት። በነጋታው ከደሳለኝ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ሴቶች ታውቁታላችሁ፣ አውቶቡስ ደስ ያላችሁ ቦታ አያቆምላችሁም፤ እንደገና ቢይዘኝስ ብዬ ውሃ የሚባል አልቀመስኩም። የዓባይ በረሃ ሙቀት ሲጠብሰኝ ደሳለኝ «እማ፣ ጠጪ እንጂ» ይላል፤ እኔ «አልጠማኝም» እላለሁ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ሆስፒታል ደግሞ ስንደርስ «ከማታ ጀምሮ ምግብ የለም» አሉ። ጠዋት የደም ግፊት ኪኒኔን ብቻ በጉንጭ ውሃ ዋጥኩ። ነርሷ ግፊቴን ለካችና «ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ከመንገድ ድካም ነው?» አለች።

«ከመንገድ ነው» አልኩ።

«ከዚህ ኪኒን ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?»

አፌን ከመክፈቴ ልጄ ቀደመኝ። «መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነኝ። ሌላ ምንም የለም» አለ፣ ኮራ ብሎ። ነርሷ ጻፈች። በሩ እዚያ ላይ ተዘጋብኝ።

የገባሁበት ክፍል ብርድ ነው፤ የእንጅባራ ብርድ ምንም አይደለም። ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዬ አጋደሙኝ። ቀኝ እጄን ዘርግተው በማሰሪያ አሰሩት፤ በግራ ክንዴ መርፌ አስገቡ። ከላዬ ትልቅ ማሽን እየዞረ ደረቴ ላይ ያንዣብባል። በአንድ በኩል ሰፊ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ጀርባ ልጄ ቆሟል። የጤና ባለሙያ ስለሆነ ነው የፈቀዱለት። ከራሴ በላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ እዚህ የሚባለው እዚያ፣ እዚያ የሚባለው እዚህ ይሰማል።

«አይንቀሳቀሱ እንጂ ማውራት ይችላሉ» አለኝ ዶክተሩ። ማውራት ይችላሉ! ለማን?

ቱቦው በእጄ አንጓ ገብቶ ወደ ላይ ሲሄድ ብዙም አላመመኝም። ፎቶ አነሱ፤ አንድ ጊዜ ሰውነቴን ሙቀት ለቀቀብኝ። ዶክተሩ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ።

«እማማ፣ አንድ ደም ሥር መሐሉ ላይ ጠቧል» አለኝ። «ግን ጥበቱ የሚያወላውል ነው፤ በፎቶ ብቻ ልብዎን ይጎዳል አይጎዳም ማለት አልችልም። ስለዚህ ጫፉ ላይ ግፊት የሚለካ ቀጭን ሽቦ ከጥበቱ ባሻገር አሳልፋለሁ። ከጥበቱ በፊት ያለውን ግፊትና ከጥበቱ በኋላ ያለውን እናወዳድራለን።»

«እንደ ቀርከሃ ቦይ?» አልኩት። ባሌ ከምንጭ ውሃ በቀርከሃ ይስብልን ነበር፤ አንጓው በደንብ ካልተነደለ ከላይ ሞልቶ ከታች ይንጠባጠባል።

ዓይኖቹ ከጭንብሉ በላይ ሳቁ። «እንደ ቀርከሃ ቦይ። ልኩ የሚታወቀው ግን ውሃው በደንብ ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ዳገት እየወጡ እንዳሉ ያህል ደም ወደ ልብዎ እንዲፈስ የሚያደርግ መድኃኒት በክንድዎ እለቃለሁ። ደረትዎን ያስጨንቅዎታል፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ ግፊትዎም ወረድ ይላል። አይፍሩ፣ ስናቆመው ወዲያው ያልፋል።»

መድኃኒቱ ተለቀቀ። መጀመሪያ ፊቴ ጋለ። ከዚያ አንድ ሰው ደረቴ ላይ ቁጭ ያለ መሰለኝ። አየር እስባለሁ፣ አይገባም። ልነሣ ስል እጄ ታስሯል። ልጮህ ስል ትንፋሽ የለኝም። ማሽኑ ይጮህ ጀመር።

«ግፊታቸው እየወረደ ነው ዶክተር» አለች ነርሷ።

«አየሁት።»

«አሁንም እየወረደ ነው! በጣም ነው የወረደው!»

ጣሪያው ጠቆረብኝ። አልጋው ከሥሬ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ድንግል ማርያም፣ እዚህ ሰው አገር፣ ራቁቴን በአንሶላ ተጠቅልዬ ልሞት ነው አልኩ። «አቁሚው! አልጋውን ከእግር በኩል ከፍ አድርጊ!» ሲል ሰማሁ። ወዲያው ያ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ሄደ። አየር ገባ። ላቤ ጆሮዬ ውስጥ ይፈስሳል።

ዶክተሩ ወደ ፊቴ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ይሰሙኛል? ግፊትዎ ከጠበቅሁት በላይ ነው የወረደው። በእነዚህ ቀናት ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ደም መፍሰስ ነበረብዎት? የወሰዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»

እንግዲህ አስቡት። እጄ ታስሯል። ልቤ ውስጥ ሽቦ አለ። ከመስታወቱ ጀርባ ልጄ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ አፌን ያያል። ከራሴ በላይ ድምፅ ማጉያ አለ። አፌ ላይ ደግሞ የእናቴ አጥንት። ብናገር እህቴን አጣለሁ፤ ልጄም ወደ ጥርባ ሄዶ ምን እንደሚላት አውቀዋለሁ። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ጉልበት መሳም ገደል ገባ ማለት ነው።

«ምንም የለም» አልኩ።

ዶክተሩ ቀና አለና ስክሪኑን እንደገና አየ። «የሁለቱ ግፊት ንጽጽር ቁጥር ጥበቱ ይከፈት ከሚባልበት መስመር በታች ገብቷል፣ ብዙ ግን አይደለም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ግፊት እንዲህ ወርዶ የተለካን ቁጥር ልቤ ሙሉ በሙሉ አያምነውም። ግን ምክንያት ከሌለው ባገኘሁት ነው የምሄደው። ጥበቱን የሚከፍት ትንሽ የብረት ቱቦ እናስገባለን፤ ስቴንት ይባላል። ከዚያ ደም የሚያቀጥን ኪኒን በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳያቋርጡ ይውጣሉ። ይስማማሉ?»

ከድምፅ ማጉያው የልጄ ድምፅ መጣ። «እማ፣ እሺ በይ። ይግባልሽ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ነርሷ ከመደርደሪያው ዕቃ አወረደች። የፕላስቲክ ማሸጊያ ሲያዝ ይንኮሻኮሻል። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ አሁንም ሱቅ ውስጥ ብስኩት ሲከፈት ልቤ ድንግጥ ይላል። ያኔ ባሌ ትዝ አለኝ። በጋ ላይ ከቦዩ በታች ውሃ ሲያንስ ቀርከሃውን ሊፈልጥ መጥረቢያ አንሥቶ ነበር። መጀመሪያ ምንጩን እይ ብዬ ለምኜ አስተውኩት፤ ምንጩ ራሱ ደክሞ ኖሯል። አሁን ምንጩን ያደረቅሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬም ቀርከሃው ሊፈለጥ ነው። መሐላዬስ? መሐላዬ አለ።

ነርሷ ማሸጊያውን ይዛ ፊቴን አየችና ቆም አለች። «እማማ፣ ከንፈርዎ እንዲህ የተሰነጣጠቀው ምን ሆነው ነው? አይዞዎት እናቴ።» ጨርቅ በውሃ ነክራ ከንፈሬ ላይ አደረገችልኝ። አልጮኸችብኝም፣ አልመረመረችኝም፣ ዝም ብላ ከንፈሬን አረጠበችልኝ። ያቺ ጠብታ ስትገባ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ዶክተር፣ ጠጋ በልልኝ» አልኩ። ጎንበስ አለ። በሹክሹክታ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» አልኩት።

«ኮሶ?» አለ በሙሉ ድምፁ፤ ምን ያድርግ፣ ሚስጥር መሆኑን አያውቅ። «መቼ ነው ኮሶ የጠጡት?»

ቃሉ ክፍሉን ሞላው፤ በድምፅ ማጉያውም አልፎ ከመስታወቱ ጀርባ ሄደ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መቼ እንደጠጣሁ፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠኝ፣ መንገድ ላይ ውሃ እንዳልነካሁ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የማን ኮሶ እንደሆነ አልተናገርኩም። ግን ልጄ ያገር ልጅ ነው፤ መቼ ያጣዋል?

ዶክተሩ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ» አለኝ። «ይኸውልዎት ምክንያቱ። ሰውነትዎ ደርቆ ነው ግፊትዎ እንዲያ የተንኮታኮተው። በዚህ ቁጥር ብረት አላስገባም። ሽቦውን አወጣለሁ፤ ውሃ በደም ሥርዎ እንሰጥዎታለን፤ በደንብ በልተው ጠጥተው ይመለሱና እንደገና እንለካለን። ለመሆኑ አገርዎ የት ነው?»

«እንጅባራ።»

«ድሮ ኮሶበር ትባል የነበረችው?» ብሎ ሳቀ። ነርሷም ሳቀች። እኔ ግን ወደ መስታወቱ ዞር አልኩ። ልጄ እዚያ የለም።

ያረፍነው አዲስ አበባ የባሌ ዘመድ ቤት ነበር። ደሳለኝ ውሃ ያቀርብልኛል፣ ሾርባ ያመጣልኛል፣ ግፊቴን ይለካል፤ ቃል ግን አይወጣውም። የዚያ ልጅ ዝምታ ከጩኸቱ የባሰ ሆነብኝ። ቁጣው ቢመጣ እገላገል ነበር። መጨረሻ ላይ ብርጭቆውን አስቀምጬ «በል ተቆጣኝ! ሰው በቁሙ አይቀበርም!» አልኩት።

«እማ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ዶክተሩ ሲጠይቅሽ ለምን ምንም የለም አልሽው?»

«አንተ ትሰማ ነበራ» አልኩት።

አስቤ አልነበረም የተናገርኩት። እሱ ግን በጥፊ እንደተመታ ቀና አለ። ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በድጋሚ ያ ጠባብ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። እጄ ታሰረ፣ ሽቦው ገባ፣ ያ ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ሰውም መጣ። እየማልኩ ልንገራችሁ፣ ሁለተኛው ጊዜ የባሰ ፈራሁ። አሁን የምደብቀው የለኝ፤ ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው። ማሽኑ ግን እንደዚያን ቀን አልጮኸም። ግፊቴ ወረድ አለና እዚያው ቆመ። ዶክተሩ ስክሪኑን ሲያይ፣ ሲያይ፣ ሲያይ፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያትን ሦስቴ ጨርሼ አራተኛውን ጀምሬ ነበር።

«ያልፋል» አለ። «ከመስመሩ በላይ ነው። ጥበቱ አለ፤ ደም ግን ያሳልፋል። ብረት አያስፈልግዎትም፤ በኪኒን፣ በእንቅስቃሴና በክትትል እንሄዳለን። ቀርከሃ መሸከሙን ለሌላ ይተዉት።»

ሽቦው ሲወጣ ዕልል ልል ፈልጌ ነበር፤ ሆስፒታል መሆኔ ትዝ ብሎኝ ተውኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ከሚኒባሱ መስኮት ጥሊሊን ስናልፍ የአገሬ አየር ሸተተኝ። ደስታዬ ግን ግማሽ ነበር፤ እትዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ እያልኩ ነው። ጥርባ ስንቃረብ ልጄ ድንገት «ወራጅ አለ!» አለ።

«ምነው? እንጅባራ አልደረስንም እኮ!»

«አውቃለሁ እማ። ውረጂ።»

ወረድኩ። የዚያን ቀን አልጋው ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ፤ እኔ ከልጄ ኋላ ኩስ ኩስ እያልኩ «ደሴ፣ በጡቴ ይዤሃለሁ፣ ተዋት፣ አሮጊት ናት» እላለሁ። እሱ ቦርሳውን አንግቶ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር ልበላችሁ። ይህን የምጽፈው ኮሶ ጠጡ ወይም አትጠጡ ለማለት አይደለም። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የጠጣችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ቅጠልም ይሁን ሥር፣ ያፈራችሁበትም ይሁን የማላችሁበት። እናቴ አጥንቷ ይቅር ይለኛል፤ በከንቱ ብረት እንድሞላ አይደለም የወለደችኝ። እናንተ ነጭ ጋውን የለበሳችሁ ደግሞ ስሙኝ። በሽተኛ ለሚቆጣው ሰው ልቡን አይከፍትም። እኔ የወለድኩትን ልጅ ፈርቼ ልቤ ውስጥ ብረት ሊገባ «እሺ» ብያለሁ። ሌላውማ ምን ያደርግ?

እትዬ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችን። የልጄን ፊት አየች፣ የእኔን አየች፣ ሁሉንም ዐወቀች።

«ነገረችህ» አለች።

«ለእኔ አልነገረችም» አለ ደሳለኝ። «ለሐኪሙ ነው የነገረችው። ለእኔማ ፈራች።» ከዚያ ያን ቁመቱን አጥፎ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። «ያን ቀን በሰው ፊት ያዋረድኩዎት እኔ ነኝ። እናቴ አፏን የዘጋችው የእኔን አፍ ፈርታ ነው። በሽማግሌ ፊት የሳምኩት ጉልበት ለይሉኝታ ነበር፤ አሁን ከልቤ ነው።»

እትዬ በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተመች። ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም፤ ትከሻውን ይዛ አነሣችው። እኔን ግን በጎን አየችኝ፤ የመሐላው ሒሳብ ገና እንዳልተዘጋ ገባኝ።

ልጄ ከቦርሳው የግፊት መለኪያውን አወጣ። «ክንድዎን ይስጡኝ» አላት። በሕይወቷ ሐኪም ያልነካት ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ዘረጋችለት። እያጠበቀ፣ አየር እየሞላ፣ የመለኪያውን መርፌ እያየ ቆየ። ፊቱ ተለወጠ፤ ግን ድምፁን አላነሣም።

«እትዬ፣ ሰሞኑን የጠጡት መድኃኒት አለ? ቅጠልም ቢሆን?»

እትዬ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ብነግርህ ትቆጣለህ?»

«አልቆጣም።»

«በእናትህ?»

«በእናቴ።»

እትዬ በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችለት። «እንግዲያው ቁጭ በል» አለችው፤ «ብዙ ነው።»